ቴርሞሜትሩ 93 ሲል

ጎንደር ላይ ውሃ የሚፈላው 93 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውሃውን ከላይ የሚጫነው አየር ሳሳ ያለ ነው፤ ስለዚህ 100 ሳይደርስ ይንተከተካል። በተማሪነቴ ዘመን አንድ ቀን ስድስት ሆነን በአንድ ቴርሞሜትር ዙሪያ ተኮልኩለን ይህንኑ በዓይናችን አየን። ሜርኩሪው 93 ላይ ደርሶ ቆመ። እሳቱን ብናጋግለው፣ ብንጠብቀው ፈቀቅ አላለም። አንዱ ጓደኛችን «ተበላሽቷል» አለ። ሌላዋ መጽሐፉን ገልጣ «100 ነው የሚለው» አለች። ስድስታችንም ሪፖርታችን ላይ 100 ብለን ጻፍን። መምህራችን አሥር ከአሥር ሰጡን።

ያን ዕለት እሳትም፣ ውሃም፣ በትክክል የሚሠራ ቴርሞሜትርም ነበረን። የጎደለ ዕቃ አልነበረም። ሆኖም ያየነውን ትተን ያላየነውን ጻፍን፤ ለዚያም ተሸለምን። የሳይንስ ትምህርታችን ደካማ ነው ሲባል አብዛኛው ሰው ወዲያው የሚመልሰው «ላብራቶሪ የለም፤ ዕቃ የለም» ብሎ ነው። መልሱ ሐሰት አይደለም፤ ግን ግማሽ ነው። የባሰው ችግር ዕቃው ያወጣውን ቁጥር እንዴት እንደምንመዘግብ፣ እንደምናሰላና እንደምንተረጉም አለመማራችን ነው። ይህ ካልተስተካከለ የምንገዛው መሣሪያ ሁሉ የመጽሐፉን መልስ በውድ ዋጋ ከመድገም አያልፍም።

ጠጠር፣ ክርና ሁለት አሥረኛ ሰከንድ

ውጤት መተርጎም ሲባል ብዙ ሰው የሚመጣለት ቁጥሩን ቀመር ውስጥ ከትቶ መልስ ማውጣት ነው። ያ የመጨረሻውና የቀላሉ ክፍል ነው። ከዚያ በፊት ሊጠየቁ የሚገባቸው ጥያቄዎች አሉ፦ ይህ ቁጥር ደግሜ ብለካው ያው ይሆናል? ቢለያይ በምን ያህል? ልዩነቱ የመጣው ከምለካው ነገር ነው፣ ከእጄ ነው፣ ወይስ ከመሣሪያው? ከነዚህ ጥያቄዎች የተነጠለ ቁጥር ምስክር እንደሌለው ውል ነው።

በአንድ ምሳሌ ላሳይ። አንድ ሜትር ክር፣ ጫፉ ላይ የታሰረች ጠጠርና የስልክ ሰዓት የትም ቀበሌ ይገኛሉ። ጠጠሯን ገፋ አድርገን ብንለቃት ሄዳ ለመመለስ ሁለት ሰከንድ ያህል ይፈጅባታል። ከዚህ ጊዜ የመሬትን የስበት ፍጥንጥነት ማስላት ይቻላል፤ መጽሐፉ 9.8 የሚለውን ማለት ነው። አሁን አንድ ተማሪ አንድ ምልልስ ብቻ ለካ እንበል። የሰው እጅ ሰዓት ሲያስጀምርና ሲያቆም በቀላሉ ሁለት አሥረኛ ሰከንድ ይስታል። አንዱ 1.8፣ ሌላው 2.2 ሰከንድ ያገኛል። ወደ ቀመሩ ሲገባ የመጀመሪያው 12.2፣ ሁለተኛው 8.2 ይወጣለታል። ሁለቱም ደንግጠው 9.8 ብለው ይጽፋሉ። ሌላ ተማሪ ደግሞ 20 ምልልስ ቆጥራ ጠቅላላውን ጊዜ ለካች፤ 40.1 ሰከንድ። እጇ አሁንም ሁለት አሥረኛ ሰከንድ ይስታል፤ ግን ያ ስሕተት ለ20 ተካፈለ። መልሷ በ9.7 እና በ9.9 መካከል ይወድቃል። ክሩም ጠጠሩም ሰዓቱም ያው ናቸው። ልዩነቱን ያመጣው ስሕተቷ ከየት እንደሚመጣ አስቀድማ ማሰቧ ነው። ይህን ለማስተማር ከውጭ የሚገባ አንድም ዕቃ አያስፈልግም።

ይህች ተማሪ «መልሴ 9.8 ነው» ብላ አትጽፍም። «9.8 ነው፤ ወደ ላይም ወደ ታችም በአንድ አሥረኛ ሊርቅ ይችላል» ትላለች። ይህ ሁለተኛው ሐረግ በብዙ የተማሪ ሪፖርቶች ውስጥ የለም። እንደ ድክመት ይቆጠራልና። ቢሆንም የሳይንስ ሐቀኝነት የሚኖረው እሱ ውስጥ ነው፤ ምን ያህል እንደምናውቅ መናገር ያወቅነውን ከመናገር አይለይም።

ከቁስቋም የተለካ ዝናብ

ይህ ጉዳይ ለጎንደር እንግዳ አይደለም። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 መጀመሪያ ጎንደር ገብቶ እስከ 1771 መጨረሻ ሲቆይ፣ ከእቴጌ ምንትዋብ የቁስቋም ቤተ መንግሥት ጋር የተሳሰረው ገና እንደመጣ ነበር፤ በፈንጣጣ የታመሙትን የቤተ መንግሥቱን ልጆች እንዲያክም ተጠርቶ። ሰውየው ኮከብ መመልከቻና ሌሎች መለኪያዎች ይዞ ነበር። ከነዚህ አንዱ አፉ አንድ ጫማ ስፋት ያለው የዝናብ መቀበያ ነው። በ1770 ከመጋቢት እስከ ጳጉሜን በጎንደር የወረደውን ዝናብ 35.555 ኢንች፣ በሚቀጥለው ዓመት በዚያው ወራት በቁስቋም የወረደውን 41.355 ኢንች ብሎ መዘገበ። በዛሬው መለኪያ የመጀመሪያው 903፣ ሁለተኛው 1,050 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው።

እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ለማንኛውም ክፍል ተማሪ ስጡትና «ምን ትረዳለህ?» ብላችሁ ጠይቁት። ብዙው «ቁስቋም ከጎንደር ከተማ የበለጠ ይዘንባል» ብሎ ይመልሳል። መልሱ ያማልላል፤ ቁስቋም ኮረብታ ላይ ናትና። ግን ቁጥሮቹ ይህን አይሉም። በሁለቱ መካከል የተለወጠው ቦታው ብቻ ሳይሆን ዓመቱም ነው። ምናልባት በ1771 የነበረው ክረምት በሁሉም ቦታ የበረታ ነበር። ምናልባት አንደኛው መቀበያ ነፋስ በበዛበት፣ ሌላው በተከለለ ግቢ ተቀምጦ ነበር። በሁለቱም ቦታ፣ በሁለቱም ዓመት ካልተለካ በስተቀር ከእነዚህ ቁጥሮች ብቻ ስለ ቁስቋም መፍረድ አይቻልም።

የጎንደር ሊቃውንት ለዚህ ዓይነቱ አስተሳሰብ ስም አላቸው። የአንድምታ መምህር አንድን ቃል ሲተረጉም በመጀመሪያው ፍች አያበቃም፤ «አንድም» እያለ ሌላውን ያመጣል። ለብሩስ ቁጥሮችም ይኸው ይሠራል፦ አንድም የቦታው ነው፤ አንድም የዓመቱ ነው፤ አንድም የመቀበያው ነው። ቤተ ሙከራ ከጉባኤ ቤት የሚለየው ከዚህ በኋላ ባለው እርምጃ ነው፤ እያንዳንዱን «አንድም» በአዲስ ልኬት እየፈተነ የማይጸናውን ይጥላል። የመጀመሪያው እርምጃ ግን አንድ ነው፤ ሊሆን የሚችለውን ሁሉ ሳይዘሉ መደርደር። ልጆቻችን ይህን ልማድ ከአያቶቻቸው ሊወርሱት ሲገባ፣ ቤተ ሙከራ ሲገቡ አንዲት መልስ ብቻ ፈልገው እንዲወጡ እናደርጋቸዋለን።

በብሩስ ቁጥሮች ውስጥ ሌላም ትምህርት አለ። ከነጥቡ በኋላ ያሉትን ሦስት አኃዞች ተመልከቱ። የኢንች አንድ ሺህኛ ከፀጉር ይቀጥናል። በክፍት መቀበያ የሚለካ ዝናብ በነፋስ ይገፋል፤ ይፈናጠራል፤ ፀሐይ ስትወጣ ይተናል። በወራት ድምር ላይ ያን ያህል ጥራት ሊገኝ አይችልም። የብሩስ ትጋት የሚደነቅ ነው፤ በዚያ ዘመን ዝናብን ለተከታታይ ክረምቶች በቁጥር መመዝገብ ትልቅ ሥራ ነው። ነገር ግን ብዙ አኃዝ መጻፍ ብዙ ማወቅ አለመሆኑን የዛሬ ተማሪ ከዚህ ሊማር ይገባል። ካልኩሌተሩ ስምንት አኃዝ ስላወጣ ስምንቱንም የሚገለብጥ ተማሪ ከእጁ ጥራት በላይ እየመሰከረ ነው።

40 ተውሳክ ስንት ነው?

ጉዳዩ የትምህርት ቤት ወግ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባላስጨነቀኝ ነበር። የሰው ሕይወት አለበት። እ.ኤ.አ. በ1953 ጎንደር አጠገብ ባለችው ደንቢያ ላይ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ 7,000 ያህል ሰው እንደጨረሰ ይነገራል። በማግስቱ ዓመት፣ በ1947 ዓ.ም.፣ የዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ተከፈተ። እ.ኤ.አ. በ1958 ደግሞ በሀገሪቱ ሰፊ ክፍል በተነሣው ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ሰው እንደታመመና 150,000 እንደሞተ ተገምቷል። ከጎንደር የወጡ የጤና ባለሙያዎች ሥራ ከመጀመሪያው ጀምሮ ከማይክሮስኮፕ ጋር የተቆራኘ ነው።

አንድ የላብራቶሪ ባለሙያ በጊምዛ ቀለም የተቀለመ ወፍራም የደም ቅብ ማይክሮስኮፕ ሥር ሲያደርግ የሚያደርገውን እንይ። የወባ ተውሳኮቹንና ነጭ የደም ሴሎቹን ጎን ለጎን ይቆጥራል። 200 ነጭ ሴሎች እስኪሞሉ 40 ተውሳክ አገኘ እንበል። በተለመደው ስሌት በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም 8,000 ነጭ ሴል አለ ተብሎ ይወሰዳል። 40 በ8,000 ተባዝቶ ለ200 ሲካፈል 1,600 ይሆናል። ወረቀቱ ላይ 1,600 ተብሎ ይጻፋል፤ ሐኪሙም 1,600 ብሎ ያነብባል።

ይህ ቁጥር ግን በውስጡ ሁለት ነገር ደብቋል። የመጀመሪያው የዕጣ ጉዳይ ነው። ከዚያው ጠብታ ሌላ ጥግ ቢታይ 40 ሳይሆን 33 ወይም 47 ሊገኝ ይችላል፤ ተውሳኮቹ ደም ውስጥ እንደ ተሰለፈ ወታደር አይደረደሩም። ለእንዲህ ያለ ቆጠራ የተለመደው የመዋዠቅ መጠን የቁጥሩ ስኩዌር ሩት ነው፤ ለ40 ስድስት ያህል። የዓለም ጤና ድርጅት 200 ሴል ተቆጥሮ ተውሳኩ 100 ካልሞላ ቆጠራው እስከ 500 ሴል እንዲቀጥል የሚያዝዘው ለዚህ ነው። በምርምር ሥራም ሁለት ባለሙያዎች ተለያይተው ያነብባሉ፤ ከ25 በመቶ በላይ ከተለያዩ ሦስተኛ ይጠራል። ይህ በባለሙያው ላይ ያለ ጥርጣሬ አይደለም፤ የቆጠራን ባሕርይ ማወቅ ነው።

ሁለተኛው 8,000 የሚለው ነው። ይህ የተለካ ሳይሆን የታሰበ ቁጥር ነው። ከመተማና ከሁመራ ቆላ የሚመጡ፣ ጎንደር ሆስፒታል የሚታከሙ የካላዛር ሕመምተኞችን አስቡ። ካላዛር የነጭ የደም ሴልን ቁጥር አጥብቆ ያወርዳል። ወባ አብሮት ያለበት ሕመምተኛ ነጭ ሴሉ 2,000 ቢሆን፣ ያው 40 ተውሳክ የሚሰጠው 1,600 ሳይሆን 400 ነው። አንድ አራተኛ! ማይክሮስኮፑ አልተለወጠም፤ ቀለሙም ቆጠራውም ትክክል ነው። የተሳተው ቀመሩ ውስጥ ያለውን ግምት ያልጠየቀው አእምሮ ነው። ቀመር ተሸክሞ የወጣና ቀመሩን መመርመር የተማረ ባለሙያ የሚለዩት እንዲህ ባለው ቀን ነው።

«መጀመሪያ ዕቃው ይምጣ» የሚሉ ወገኖች

የሚቃወሙኝን በቅንነት ልስማ። የመጀመሪያዎቹ መምህራን ናቸው። «በአንድ ክፍል ያን ሁሉ ተማሪ ይዘን፣ ኬሚካሉ አልቆ፣ ማይክሮስኮፑ አምፑል አጥቶ፣ አንተ ስለ ስሕተት መጠን ታወራለህ?» ይላሉ። እውነት አላቸው። ስላይድ አይቶ የማያውቅ ልጅ ስላይድ ማንበብ አይማርም፤ በጠመኔ የተሳለ ተውሳክም ተውሳክ አይደለም። ዕቃ መጠየቅ መብታቸው ነው፤ ማሟላት የመንግሥት ግዴታ ነው። ነገር ግን «መጀመሪያ ዕቃው» የሚለው ቅደም ተከተል አይጸናም። ክርና ጠጠር ባለበት መጀመር ይቻላልና። ደግሞም ማንበብ ያልተማረ ተቋም የተሰጠውን መሣሪያ ቁም ሳጥን ውስጥ ይቆልፋል፤ «እንዳይሰበር» እየተባለ ዓመታት ያልፋሉ። መሣሪያ የሚፈለገው ጥያቄ ያለው ሰው ሲኖር ነው።

ሁለተኞቹ «ይህ ሁሉ ዛሬ በማሽን ይሠራል፤ ኮምፒውተሩ ራሱ አስልቶ፣ ግራፍ ስሎ፣ መደበኛ ነው አይደለም ብሎ ያወጣል» የሚሉ ናቸው። ለእነዚህ መልሱ ከስሜን ተራሮች ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2002 በሲንቲያ ቢል የተመራ የተመራማሪዎች ቡድን በአምባራስ አካባቢ 3,530 ሜትር ከፍታ ላይ የሚኖሩ 236 ጤነኛ ሰዎችን ውጤት አሳተመ። በዚያ ከፍታ የሚጠበቀው ሄሞግሎቢን (ኦክስጅን ተሸካሚው የደም ክፍል) እንዲጨምር ወይም የደም ኦክስጅን እንዲቀንስ ነበር፤ በደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች ላይ የሚኖሩት ወንዶች ሄሞግሎቢናቸው እጅግ ከፍ ያለ ነው። የስሜን ሰዎች ግን ወንዶቹ በአማካይ 15.9፣ ሴቶቹ 15.0 ግራም በዴሲ ሊትር ሆነው ተገኙ፤ የደማቸው ኦክስጅንም 95.3 በመቶ ነበር። ባሕር ዳርቻ ከሚኖር ሰው ብዙም አይርቅም። ተመራማሪዎቹ ያልጠበቁትን ሲያዩ እንደኛ «መሣሪያው ተበላሽቷል» ብለው የመጽሐፉን ቁጥር ቢጽፉ ኖሮ፣ ዓለም ስለ ደጋው ሰው አካል ያወቀውን ባላወቀ ነበር።

ይህ ግኝት ለማሽኑ ሙግት ለምን መልስ ይሆናል? እስከ እ.ኤ.አ. 2024 ለረጅም ጊዜ በሥራ ላይ የቆየው የዓለም ጤና ድርጅት ሠንጠረዥ በ3,500 ሜትር ከፍታ የሚኖርን ሰው ሄሞግሎቢን ለደም ማነስ ከመመዘኑ በፊት 2.7 ቀንስ ይል ነበር። አንዲት የስሜን እናት 14 ተለካች እንበል። ማሽኑ በሠንጠረዡ ሲያርመው 11.3 ይሆናል፤ የሴት ወለል 12 ስለሆነ «ደም ማነስ» ብሎ ያትማል። ነገር ግን የአካባቢዋ ሰው ሄሞግሎቢን በከፍታው ያን ያህል የማይጨምር ከሆነ፣ ያልጨመረውን መቀነስ ጤነኛዋን በሽተኛ ሊያሰኝ ይችላል። በሌላ የኢትዮጵያ ደጋ ደግሞ ይህም ግምት ልክ ላይሆን ይችላል፤ በኋላ በባሌ ደጋ ኦሮሞዎች ላይ የተደረገው ጥናት ከአማራ ደገኞች ከፍ ያለ ሄሞግሎቢን አሳይቷል። እንግዲህ ማሽኑ ስሌቱን በትክክል ሠራ፤ ስሌቱ ለማን እንደተሠራ መጠየቅ ግን የማሽኑ ሥራ አይደለም። ማሽን በበዛ ቁጥር ይህን የሚጠይቅ ሰው ይበልጥ ያስፈልጋል።

ሦስተኞቹ ፈተናውን የሚያነሡ ናቸው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። «መሠረታዊው ይዘት ባልተያዘበት ስለ ውጤት ትርጓሜ ማውራት ቅንጦት ነው፤ ደግሞስ ፈተናው ምርጫ ነው፤ ማን ይጠይቀዋል?» ይባላል። የዚህ ሙግት ሁለተኛ ግማሽ ያሳስበኛል፤ ያልተፈተነ ነገር እንደማይጠና አውቃለሁ። የመጀመሪያውን ግን አልቀበልም። የተሸመደደ ይዘት ነው የሚረሳው። የጠጠሯን ምልልስ ራሱ የቆጠረ ልጅ ስበትን አይረሳም፤ 93 ዲግሪን ያየና ለምን እንደሆነ የተነገረው ልጅ የአየር ግፊትን አይረሳም። ውጤት መተርጎም ከይዘቱ በኋላ የሚመጣ ጌጥ ሳይሆን ይዘቱ የሚገባበት በር ነው።

ምን ይደረግ?

ሦስቱን ሙግቶች መዝኜ የደረስኩበት ይህ ነው፤ ለውጡ ከነጥብ አሰጣጡ መጀመር አለበት። ተማሪ የሚያከብረው መምህሩ ነጥብ የሚሰጥበትን ነው። የመጽሐፉን መልስ ላገኘ አሥር የምንሰጥ ከሆነ የምናሠለጥነው ቁጥር ፈጣሪ ነው። ስለዚህ ነጥቡ ለመዝገቡ ይሁን። እያንዳንዱ ልኬት በተገኘበት ሰዓት በእስክሪብቶ ይጻፍ፤ የተሳተ ቁጥር በአንዲት መስመር ይሰረዝ እንጂ አይፋቅ፤ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ይለካ፤ በመጨረሻም «ከመጽሐፉ ለምን ተለየ?» ለሚለው ተማሪው ያቀረበው ምክንያት ይመዘን። ይህ ምንም በጀት አይጠይቅም። በምርጫ ፈተናም ቢሆን ከእውነተኛ ሙከራ የተገኘ ሠንጠረዥ ሰጥቶ «ከዚህ ምን መደምደም አይቻልም?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። የብሩስ ሁለት ቁጥሮች ብቻ ለእንዲህ ያለ ጥያቄ ይበቃሉ።

የመምህራን ማሠልጠኛዎችና ዩኒቨርሲቲዎችም ድርሻ አላቸው። መምህሩ ራሱ መልሱን አስቀድሞ የማያውቀውን ነገር ለክቶ ካላወቀ፣ ከመጽሐፍ የተለየ ቁጥር ይዞ የመጣ ልጅ ያስደነግጠዋል። የደነገጠ መምህር ደግሞ «አጥፋውና ጻፍ» ይላል። አንድ ክረምት ሙሉ በትምህርት ቤቱ ግቢ ዝናብ የለካ መምህር ግን የልጁን ቁጥር ሲያይ «እስቲ ደግመን እንለካው» ማለት ይቀለዋል።

መምህራን ሆይ፣ የእናንተን ሸክም አውቃለሁ። የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው፤ በዚህ ሴሚስተር አንድ ቀን ውሃ አፍሉ። ጎንደር ወይም ደባርቅ፣ ያላችሁበት ደጋ ላይ። ልጆቹ ያዩትን ይጻፉ። አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ «መምህር፣ 100 አልደረሰም» ካለ፣ አሥር ከአሥሩን ለእሱ ስጡት።